የአየር መነካካት በብርሃን ሲነበብ



ነሐሴ 13 ቀን 1860 ዓ.ም. ቡሄ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ካለፉ አራት ወር አልፏቸዋል። የእንግሊዝ ጦር ወደ መጣበት ተመልሷል፤ ማን እንደሚነግሥ አገሩ ገና አልለየለትም። በዚያ ጠዋት የጨረቃ ጥላ ከአፍሪካ ቀንድ ተነሥቶ በኤደን በኩል ወደ ሕንድ፣ ከዚያም ወደ ሲያም ተጓዘ። ጀርመኖች ካሜራቸውን ተክለው ኤደን ላይ ጠበቁት። ፈረንሳዊው ዡል ዣንሰን ደግሞ ጉንቱር በምትባል የሕንድ ከተማ ነበር። የያዘው መሣሪያ ስፔክትሮስኮፕ ነው፤ ብርሃንን ወደ ቀለማቱ ዘርዝሮ የሚያሳይ።

ፀሐይ ስትጋረድ በጠርዟ ዙሪያ የሚንቦገቦገው ነበልባል በዣንሰን መሣሪያ ውስጥ ደማቅ መስመሮች ሆኖ ታየ። ከመስመሮቹ አንዱ ቢጫ ነው። ብዙዎች ሶዲየም መሰላቸው፤ ጨው እሳት ላይ ሲበተን የሚታየው ቢጫ ማለት ነው። ከሁለት ወር በኋላ፣ ጥቅምት ላይ፣ እንግሊዛዊው ኖርማን ሎክየር ግርዶሽ ሳይጠብቅ፣ አገሩ ላይ ሆኖ መስመሩን ሲመረምር ቦታው ከሶዲየም ፈቀቅ ያለ መሆኑን አየ። የሶዲየም ጥንድ መስመሮች 589.0 እና 589.6 ናኖሜትር ላይ ናቸው፤ ይኼኛው 587.6 ላይ ነው። ከቅርቡ የሶዲየም መስመር ጋር ያለው ልዩነት ሁለት ናኖሜትር እንኳ አይሞላም፤ ግን አዲስ ንጥረ ነገር ነበር። ሂሊየም አሉት። ዊልያም ራምሴ ከዩራኒየም ማዕድን አውጥቶ ምድር ላይም መኖሩን ያረጋገጠው ከ27 ዓመት በኋላ ነው።

ይህን የጀመርኩት ስለ ግርዶሽ ለማውራት አይደለም። ዣንሰን ቆይቶ ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ ይዞት የሚመጣው ጉዳይ እዚህ ገፈርሳ ላይ የምንተነፍሰውን አየር የሚመለከት ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውንም ያዙልኝ።

ስለ ስፔክትሮስኮፒ ትምህርት ቤት የምንማረው በአብዛኛው ይኸው የሂሊየም ታሪክ ነው፦ እያንዳንዱ አቶም የራሱ መስመር አለው፣ መስመሩን ያየ አቶሙን ያውቃል። ልክ ነው። ነገር ግን ግማሹ ብቻ ነው። መስመሩ የት ቦታ እንዳለ ስንጠይቅ አቶሙ ማን እንደሆነ እናውቃለን። መስመሩ ምን ያህል እንደሰፋ፣ ወዴት እንዳዘነበለ ስንጠይቅ ደግሞ አቶሙ ከማን ጋር እንደዋለ፣ ምን ያህል ተጠጋግተው እንደተላለፉ እናውቃለን። የዛሬው ነገሬ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው እንደ ጉድለት የሚቆጥረው የመስመር መደብዘዝ ለእኔ ከመስመሩ ቦታ ይልቅ ብዙ የሚናገር ይመስለኛል።

እስቲ ከሂሊየም እንነሣ። ሂሊየም ከማንም የማይዛመድ ጋዝ ነው። ሁለት ኤሌክትሮን አለው፤ ሁለቱም ቦታቸውን ሞልተዋል፤ የሚሰጠውም የሚወስደውም የለም። ግን ሃይከ ካመርሊንግ ኦነስ በ1908 ላይደን ከተማ ውስጥ ይህን ጋዝ ወደ ፈሳሽነት ለወጠው። ለዚህ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ማቀዝቀዝ ነበረበት። ጋዝ ፈሳሽ የሚሆነው ቅንጣቶቹ ሲሳሳቡ ነው፤ ስለዚህ እርስ በርሳቸው ጉዳይ የላቸውም የተባሉት የሂሊየም አቶሞችም ይሳሳባሉ ማለት ነው። ሆላንዳዊው ቫን ደር ቫልስ ይህን ዓይነቱን ደካማ መሳሳብ ቀደም ብሎ በ1873 በመመረቂያ ጽሑፉ በሒሳብ አስገብቶታል። ምክንያቱን ያብራራው ግን ፍሪትዝ ሎንዶን ነው፤ በ1930። የአንዱ አቶም ኤሌክትሮኖች ለቅጽበት ወደ አንድ ጎን ሲያጋድሉ የጎረቤቱንም ያጋድሏቸዋል፤ በዚያች ቅጽበት ይሳሳባሉ። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የመሳሳቡ ኢነርጂ 64 ጊዜ ይዳከማል።

በ1990ዎቹ ጎቲንገን ውስጥ የነበሩ ተመራማሪዎች የቀዘቀዘ የሂሊየም ጅረት እጅግ በረቀቀ ፍርግርግ አሳልፈው ሁለት የሂሊየም አቶሞች ጥንድ ሆነው ሲጓዙ አዩ። ጥንዶቹ በአማካይ 5 ናኖሜትር ያህል ተራርቀው ነው የሚኖሩት፤ ከአቶሙ ስፋት ጋር ሲነጻጸር ብዙ እጥፍ ነው። ከፍጹም ዜሮ በላይ በጥቂት ሺህኛ ዲግሪ ቢሞቁ ይለያያሉ። ይህን ሁሉ ድካም ለሂሊየም ማን ይደክማል ትሉ ይሆናል። ሂሊየም ባለ ሁለት ኤሌክትሮን ስለሆነ ኃይሉን በወረቀትና በኮምፒውተር እጅግ በትክክል ማስላት ይቻላል። ስሌቱና ልኬቱ ሂሊየም ላይ ካልተስማሙ በሃይድሮጅን፣ በናይትሮጅን፣ በውኃ ተን ላይ የምንሰጠውን አኃዝ ማመን ይቸግራል። ቀላሉን ያልቻለ ከባዱን አይችልም።

አሁን ከላይደንና ከጎቲንገን ገፈርሳ ላይ ወዳለው የአምቦ መንገድ እንምጣ።

ከዚህ ወጥታችሁ ዋናውን መንገድ ስትይዙ ነጭ የሆኑት አዳዲሶቹ መብራቶች ኤልኢዲ ናቸው። ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቀለም ያለው አሮጌ መብራት ካገኛችሁ ግን ከፍተኛ ግፊት ያለው የሶዲየም መብራት ሳይሆን አይቀርም። አሮጌ ሲዲ ያዙና ብርሃኑን በጀርባው አንጸባርቃችሁ ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት። ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። ሶዲየም ስለሆነ አንዲት ቀጭን ቢጫ መስመር ብቻ መታየት ነበረባት። የምታዩት ሌላ ነው። ቢጫው ወደ አረንጓዴና ወደ ቀይ ተዘርግቶ ሰፊ መቀነት ሆኗል፤ መካከሉ ላይ፣ የመስመሩ እውነተኛ ቦታ ላይ፣ ጠቆር ያለ ስንጥቅ አለ።

ስንጥቁ የተፈጠረው ከቱቦው ግድግዳ አጠገብ ያለው ቀዝቀዝ ያለ ሶዲየም ከመሐል የሚመጣውን የራሱን ቀለም መልሶ ስለሚውጠው ነው። ስፋቱ ደግሞ የመነካካት ሥራ ነው። በዚያ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ሶዲየም ከሶዲየም፣ ሶዲየም ከሜርኩሪ ተን፣ ሶዲየም ከዜኖን ጋር ሳያርፉ ይተሻሻሉ። ያለዚያ መተሻሸት መብራቱ ሥር ያለው ሁሉ ቢጫና ጥቁር ብቻ ይሆን ነበር። ዝቅተኛ ግፊት ያለው የሶዲየም መብራት እንደዚያ ነው፤ ከሥሩ የቆመ ሰው የነጠላውን ጥለት ቀለም መለየት አይችልም።

መነካካት መስመርን የሚያሰፋው ለምንድን ነው? ክራር የያዘ ሰው ይህን በጣቱ ያውቀዋል። ጅማቱን ነክቶ ሲተወው ድምፁ ረዝሞ ይሰማል፤ ጆሮም ቅኝቱን በትክክል ይይዘዋል። ገና ከመጀመሩ በመዳፉ ቢያፍነው ግን ጠቅ የሚል ብቻ ይሰማል፤ የትኛው ቅኝት እንደነበር መለየት አይቻልም። ብርሃን የሚያወጣ ወይም የሚውጥ አቶምም እንዲሁ ነው። ሌላ አቶም ነክቶት ንዝረቱን ባቋረጠው ቁጥር የቀለሙ ትክክለኛነት ይቀንሳል፤ መስመሩም ይሰፋል። አልበርት ማይክልሰንና ሄንድሪክ ሎረንትዝ ይህን ሐሳብ ከ19ኛው ወደ 20ኛው ክፍለ ዘመን መሸጋገሪያ ላይ በሒሳብ አስቀምጠውታል።

ገፈርሳ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ነው። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውኃ እዚህ 91 ወይም 92 ዲግሪ ላይ የሚፈላው፣ የሽምብራ ንፍሮም አዋሽ ካለች እህታችሁ ቤት ይልቅ እናንተ ቤት የሚዘገየው ለዚህ ነው። አንድ የአየር ሞለኪውል እዚህ በሰከንድ 5 ቢሊዮን ጊዜ ያህል ይጋጫል፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 7 ቢሊዮን ገደማ። ስለዚህ እዚህ ያለው አየር የሚሠራው የጨረር መስመር እዚያ ካለው ቀጠን ይላል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ደግሞ ይበልጥ እየቀጠነ ይሄዳል። ይህቺን ነገር ሰዎች እንዴት እንደተጠቀሙባት ልንገራችሁ።

በ2009 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከጀርመኑ የካርልስሩኸ ተቋም ጋር ሆኖ፣ ፀሐይን እየተከተለ የኢንፍራሬድ ብርሃኗን የሚተነትን ፉሪየር ስፔክትሮሜትር አቆመ። ቦታው 2,443 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በሐሩር ክልል እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ግዛው መንግሥቱና ባልደረቦቻቸው ከዚያ መሣሪያ ባገኙት መረጃ ስለ ኦዞን፣ ስለ ሚቴን፣ ስለ ናይትረስ ኦክሳይድና ስለ ውኃ ተን ጽፈዋል፤ ኦዞኑን ከሳተላይት ልኬቶች ጋር ያነጻጸሩበት ሥራ በ2013 ታትሟል።

እንግዲህ አስቡት። መሣሪያው መሬት ላይ ነው። ፀሐይን ያያል። የፀሐይ ብርሃን ከላይ እስከ ታች ያለውን አየር ሁሉ አቋርጦ ይመጣል፤ ኦዞንም መንገድ ላይ ከብርሃኑ ይቀንሳል። ጠቅላላ ምን ያህል ኦዞን እንዳለ ማወቅ ይቻላል፤ እሺ። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ኦዞኑ በ15፣ በ20፣ በ25 ኪሎ ሜትር ላይ ምን ያህል እንደሆነም ይናገራሉ። ፊኛ አላወጡም፤ ሮኬት አልተኮሱም። እንዴት አወቁ?

በመስመሩ ስፋት ነው ያወቁት። ዝቅ ብሎ ያለው ኦዞን በወፍራም አየር መካከል ስለሆነ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ሳያቋርጡ ይነካኩታል፤ መስመሩ ሰፊና ዝርግ ይሆናል። ከፍ ብሎ ያለው ኦዞን የሚነካው ጥቂት ነው፤ መስመሩ ቀጭንና ጠለቅ ያለ ይሆናል። መሬት ላይ የሚደርሰው የሁሉም ድምር ነው፤ ጫፉ የላዮቹን፣ እግሩ የታቾቹን ይዟል። ድምሩን በሒሳብ ሲፈቱት የኦዞኑ ከፍታ ይወጣል። ከ30 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ግን ዘዴው እየከዳ ይሄዳል፤ እዚያ አየሩ ስለሳሳ የመስመሩን ስፋት የሚወስነው መጋጨቱ ሳይሆን የሞለኪውሉ የራሱ ሩጫ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተደበቀ ሠራተኛ አለ። ድምሩን ለመፍታት አንድ የኦዞን መስመር በአንድ ግፊት ላይ በናይትሮጅንና በኦክስጅን ምን ያህል እንደሚሰፋ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ይህን ሰማዩ አይነግራችሁም። አንድ ሰው ቤተ ሙከራ ውስጥ ጋዝ በቱቦ ሞልቶ፣ ግፊቱን ቀስ በቀስ እየለወጠ፣ መስመር በመስመር ለክቶ በሰንጠረዥ ማስቀመጥ አለበት። ሃይትራን የሚባለው መዝገብ ከ1973 ጀምሮ የሚያጠራቅመው ይህን ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በአየር ብቻ ሳይሆን በሂሊየም፣ በሃይድሮጅንና በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመጣውን ስፋት እየጨመረ ነው፤ የሌሎች ፕላኔቶች አየር በኦክስጅንና በናይትሮጅን የተሞላ አይደለምና። ሰንጠረዡ ላይ ያለው ቁጥር ከተሳሳተ የኦዞኑም ከፍታ አብሮ ይሳሳታል፤ መሣሪያችሁ የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን። ስለ አየር ንብረት ስብሰባ ሲጠራ ይህን ቁጥር የለካውን ሰው የሚያስታውስ የለም፤ በእኔ እምነት ያለ አግባብ ነው።

አሁን ዣንሰን ይመለስ።

ይህ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ እግሩ ያነክሳል። ቢሆንም በ1890፣ ዕድሜው 66 ሲሆን፣ ሰዎች በበረዶ መንሸራተቻ እየሳቡት ሞን ብላን ተራራ ጫፍ ላይ ወጣ። የሚፈልገው፣ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ የሚታዩት የኦክስጅን መስመሮች የፀሐይ ናቸው ወይስ የእኛ አየር የሚለውን መለየት ነው። ከፍ ሲል መስመሮቹ ደከሙ፤ የእኛ ናቸው። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1889፣ የኤፌል ግንብ ሲመረቅ ከጫፉ የሚበራውን መብራት ሜዶን ካለው የምርምር ጣቢያው ሆኖ መርምሮ ነበር። ርቀቱ 8 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። አየሩ ሁሉ እንደ ባሕር ዳርቻው ወፍሮ ቢደረደር ከፍታው ይህን ያህል ነው፤ ስለዚህ የግንቡ ብርሃን ከሰማይ የሚወርድን ብርሃን ያህል አየር አቋርጧል ማለት ነው። የግንቡን ውበት ሲያደንቁ ለነበሩት ፓሪሳውያን ይህ ሰው ምን መስሏቸው እንደነበር እንጃ።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ሜዶን ውስጥ በረጃጅም ቱቦዎች ኦክስጅን አምቆ ያየው ነው። የአንዳንዶቹ የኦክስጅን ጥላዎች ቅጥ ሌላ ነበር። ግፊቱን እጥፍ ሲያደርገው ጨለማቸው እጥፍ መሆን ሲገባው አራት እጥፍ ሆነ። ሦስት እጥፍ ሲያደርገው ዘጠኝ። እንዲህ የሚሆነው ብርሃኑን የሚውጠው አንድ ሞለኪውል ብቻውን ሳይሆን ሁለቱ ተገናኝተው ከሆነ ነው። ብቻውን ያለ ኦክስጅን እነዚያን ቀለሞች አይነካም። ሁለቱ ለሰከንድ ቢሊዮንኛ ክፍልፋይ እንኳ ለማይሞላ ጊዜ ሲተላለፉ ግን አንዱ የሌላውን ኤሌክትሮኖች ያዛባል፤ በዚያች ጊዜ ይውጡታል። እነዚህ ሰፋፊ ጥላዎች 477፣ 577 እና 630 ናኖሜትር አካባቢ ናቸው፤ በዓይን በሚታየው ብርሃን መካከል ማለት ነው። ዛሬ ሳተላይቶች የደመናን ከፍታ የሚያውቁበት አንዱ መንገድ የ477ቱ ጥላ ነው፤ ደመናው ከፍ ካለ ከሥሩ ያለውን ወፍራም ኦክስጅን ይሸፍነዋልና።

በ1949 ቶሮንቶ ውስጥ ክሮፎርድ፣ ዌልሽና ሎክ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ሲጋጩ ኢንፍራሬድንም እንደሚውጡ አሳዩ። ለብቻቸው ሲሆኑ ለዚያ ብርሃን ዕውር ናቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ጌርሃርድ ሄርዝበርግ እንዲህ ያለው የሃይድሮጅን ሞለኪውሎች መጋጨት የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኩይፐር በዩራነስና በኔፕቱን ብርሃን ላይ መዝግቦት የነበረውን፣ ማንነቱ ያልታወቀ ጥላ እንደሚያብራራ አስታወቀ። ሃይድሮጅን በእነዚያ ፕላኔቶች መኖሩ የታየው በመነካካቱ ነው። ቡናማ ድንክ በሚባሉት፣ ኮከብ ለመሆን ክብደታቸው ባልበቃ አካላት ላይ ደግሞ የአምቦ መንገዱ ሶዲየም ተመልሶ ይመጣል። ሃይድሮጅንና ሂሊየም የሶዲየምና የፖታሲየምን መስመሮች እጅግ አስፍተዋቸው የአካሉን ቀለም ራሱን ይለውጣሉ።

ወደ ገፈርሳ ልመለስና አንድ ስሌት እንሥራ። እዚህ ያለው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 74 በመቶ ያህል ነው። የጥንዶቹ ጥላ ግን የዚህ ካሬ ነው፤ 74 በመቶ በ74 በመቶ ሲባዛ 55 በመቶ። ከአናታችሁ በላይ ያለው ኦክስጅን በሩብ ሲቀንስ ጥንዶቹ በግማሽ ሊቀንሱ ጥቂት ቀራቸው። ዳሎል ላይ፣ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ስትሉ፣ ከባሕር ዳርቻውም ይበልጣል። ራስ ደጀን ላይ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ፣ ከሦስት አንድ ያህል ብቻ ይቀራል። ዣንሰን ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ከፓሪስ ተነሥቶ ወደ ሞን ብላን መጓዝ ነበረበት። እኛ ይህን ሁሉ መሰላል አንድ አገር ውስጥ ይዘነዋል። ስለ ከፍታችን ስንናገር ሯጮቻችንን ብቻ ነው የምናነሣው። በግፊት የሚለዋወጥ ነገርን ለሚያጠና ሰው የዚህች አገር መልክዓ ምድር ራሱ የተዘጋጀ ቤተ ሙከራ ነው። እንጦጦ ላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የምርምር ጣቢያ፣ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖቹን ይዞ ሱሉልታን ቁልቁል ያያል። ወጨጫም ከ3,300 ሜትር በላይ ሆኖ ከበላያችን ቆሟል።

ተማሪዎች፣ ይህን የጥንዶች ጥላ ለመለካት ለምትፈልጉ ሁለት ሦስት ነገር ልንገራችሁ። ፀሐይን በቀጥታ አትዩ፤ በስፔክትሮሜትርም በሲዲም ቢሆን አትዩ፤ ብርሃኗን ነጭ ወረቀት ላይ አሳርፋችሁ ከወረቀቱ ለኩ። ከሦስቱ ጥላዎች ጠንካራው 577 ላይ ያለው ነው፤ እሱን ግን አልመክራችሁም። ኦዞን ራሱ እዚያው አካባቢ ሰፋ አድርጎ ይውጣል፤ የውኃ ተን መስመሮችም አሉበት፤ የማን ጥላ የማን እንደሆነ ሳትለዩ ትቀራላችሁ። 477 ደከም ቢልም ንጹሕ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ገፈርሳ ላይ ጥላው ከብርሃኑ ግማሽ በመቶ ያህል ብቻ ነው የሚወስደው፤ በትንሽ መሣሪያ አይታይም። ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ከአድማሱ አሥር ዲግሪ ያህል ከፍ ስትል ግን ብርሃኗ በአየር ውስጥ አግድም ስለሚጓዝ ከሁለት በመቶ በላይ ይደርሳል። ያ ይለካል። በበጋ፣ ሰማዩ በጠራበት ሰሞን፣ አንድ ቡድን እዚህ፣ ሌላው ወጨጫ ላይ፣ በተመሳሳይ ሰዓት። የቀትሩን ልኬት ማነጻጸሪያ አድርጋችሁ ያዙ፤ የፀሐይ የራሷ መስመሮች እንዳያሳስቷችሁ የጠዋቱን በቀትሩ አካፍሉት። ከዚያ የወጨጫውን ጥላ ለገፈርሳው አካፍሉና የምታገኙት ቁጥር የአየር ግፊቱን ሬሾ ይመስል እንደሆነ፣ ወይስ የዚያን ካሬ፣ እዩት።